በእጅ የተሠራ ቦክስ ጊታር፦ ድምፁ ዋጋውን ያወጣል ወይ?

ባለስድስት ክር (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁም። ጊታር ከያዝኩ አስራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። እስከ ዛሬ የተጫወትኩት በአንድ የፋብሪካ ቦክስ ጊታር ነው። ፊቱም ጀርባውም ኮምፔንሳቶ ነው። ውለታው አለብኝ፤ የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት በእሱ ነው። አሁን ግን የምፈልገውን ድምፅ አይሰጠኝም። በብዛት የምጫወተው ትዝታና ባቲ ነው፤ በጣት፣ ያለ ፒክ። ትዝታ ላይ አንዷን ኖታ ይዤ ልቆይ ስል ድምፁ እጄ ላይ ያልቅብኛል።

ሁለት ዓመት ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከከተማ ወጣ ብለው የሚኖሩ አንድ ጊታር ሠሪ ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው። ከቤታቸው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ብቻቸውን ይሠራሉ። በዓመት ከአስር አይበልጥም። ያለቀላቸው ሁለት ጊታሮች አሳዩኝ። አንዱ ፊቱ ስፕሩስ፣ ጎንና ጀርባው የህንድ ሮዝዉድ ነው። 6,500 ዶላር አሉኝ። ሌላው ፊቱ ሴዳር፣ ጎንና ጀርባው ማሆጋኒ ነው። እሱ 4,200 ዶላር ነው። ጓደኛዬ ደግሞ ኮምፔንሳቶ የሌለበት፣ ሙሉ በሙሉ ከጣውላ የተሠራ የፋብሪካ ጊታር አለው። በ1,900 ይሸጥልኛል።

የሮዝዉዱ ድምፅ ጥርት ያለ ነው። ባሱ ደረቴ ላይ ተሰማኝ። የሴዳሩ ለስለስ ያለ ነው፤ ገና ሳልነካው የሚመልስ ይመስላል። ጠንከር አድርጌ ስመታው ግን የታፈነ መሰለኝ። የጓደኛዬ ጥሩ ነው፤ ግን ከሁለቱ አጠገብ ሲቀመጥ ዝምተኛ ሆነብኝ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። የሰማሁት ልዩነት እውነት ነው ወይስ ዋጋውን ስላወቅኩ ነው የሰማሁት? ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

አናጺው (አዲስ አበባ)

ወንድሜ ሰላም። እኔ ጊታር እጠግናለሁ፤ ክራርም እሠራለሁ። ጊታርም ከዜሮ ተነስቼ ጥቂት ሠርቻለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርህ።

የጊታር ነፍሱ ፊቱ ነው። ክሮቹ ብሪጁን (ፊቱ ላይ የተለጠፈውን የክር ማሰሪያ እንጨት) ይጎትታሉ፣ ብሪጁ ፊቱን ያንቀጠቅጣል፣ ፊቱ አየሩን ይገፋል። የብረት ክር የታሰረበት ጊታር ላይ የስድስቱ ክር ጉልበት ተደምሮ ከ70 ኪሎ ያልፋል። አንድ አዋቂ ሰው ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከመው 3 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ጣውላ ነው። ወፍራም ካደረግከው ይሸከማል፣ ግን አይዘፍንም። ቀጭን ካደረግከው ይዘፍናል፣ ግን ከዓመት በኋላ ሆዱ ተነፍቶ ይመጣልሃል። የሠሪው ሙያ ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

እኔ ጣውላውን በመላጊያ እየላግኩ በየመሀሉ አነሳዋለሁ። ጫፉን በሁለት ጣት አንጠልጥዬ መሀሉን አንኳኳለሁ። መጀመሪያ ላይ እንደ በር ነው፤ ደረቅ ኳኳታ። እየሳሳ ሲሄድ ድምፁ ይወርዳል፣ ደግሞም ይረዝማል። ከዚያ በሁለት እጄ ይዤ ትንሽ አጎብጠዋለሁ። እጄ በቃ ሲለኝ አቆማለሁ። ቀጥሎ ከውስጥ የሚለጠፉትን ደጋፊ እንጨቶች በኮላ አጣብቄ በመሮ አሳሳቸዋለሁ። ከአንድ ግንድ የወጡ ሁለት ጣውላዎች እንኳ እኩል ቦታ ላይ አያቆሙህም።

ፋብሪካ ብዙ ጊዜ ይህን አያደርግም። አብዛኛውን ጊዜ ሁሉንም በአንድ ውፍረት ነው የሚቆርጠው። ደካማው እንዳይሰበር ሲባል ጠንካራውም ወፍራም ሆኖ ይቀራል። የጓደኛህ ጊታር ዝምተኛ የሆነብህ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ያንተ የድሮው ደግሞ ኮምፔንሳቶ ነው። ስስ ስስ እንጨት አንዱ ባንዱ ላይ ተጋድሞ በኮላ የተያዘ ስለሆነ በቀላሉ አይሰነጠቅም፣ በቀላሉም አይንቀጠቀጥም።

ስለዚህ የሰማኸው ውሸት አይደለም። ግን ልዩነቱን ለሮዝዉዱ አትስጠው።

ሞገድ (ሚኒያፖሊስ)

አናጺው ያለውን የሚደግፍ ጥናት አለ። እንግሊዝ አገር የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ያሳተሙት ነው። የፋይልድ ጊታሮች ሠሪ ሮጀር ባክናል ስድስት ጊታሮች ሠራላቸው። አሠራራቸው አንድ፣ ፊታቸውም አንድ ዓይነት ስፕሩስ ነው። የሚለያዩት በጎንና ጀርባቸው እንጨት ብቻ ነው፦ የብራዚል ሮዝዉድ፣ የህንድ ሮዝዉድ፣ ማሆጋኒ፣ ሜፕል፣ ሳፔሌና ዋልነት። ከዚያ 52 ጊታር ተጫዋቾች ደብዘዝ ባለ ክፍል ውስጥ የበያጅ መነጽር አድርገው ሞከሯቸው። የትኛውን እንደያዙ አያዩም።

ውጤቱ ምን ሆነ? ለስድስቱም የሰጡት ነጥብ ተቀራራቢ ነው። ውዱ የብራዚል ሮዝዉድ ከርካሹ አልበለጠም። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ ጊታር ሳይ መጀመሪያ የምመለከተው ፊቱን ሆኗል።

ክላሲካል ተማሪ (ሮም)

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። የዛሬውን ክላሲካል ጊታር ቅርጽ የሰጠው ስፔናዊው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ በ1862 ጎንና ጀርባው ከካርቶን የሆነ ጊታር ሠርቷል። ፊቱን ብቻ ከጥሩ ስፕሩስ አደረገው። ዋናው ፊቱ መሆኑን ለማሳየት ነበር። ጊታሩ ዛሬም ባርሴሎና የሙዚቃ ሙዚየም ውስጥ አለ።

ስለ ሴዳርም አንድ ነገር ልጨምር። በክላሲካል ጊታር ላይ ሴዳር የገባው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። ያስገባው የማድሪዱ ሆሴ ራሚሬስ ሦስተኛው ነው። ከዚያ በፊት ስፕሩስ ነበር። በነገራችን ላይ ይህ ሴዳር መጽሐፍ ቅዱሳችን ላይ ያለው የሊባኖስ ዝግባ አይደለም፤ የአገራችን ዝግባም አይደለም። ከሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ የሚመጣ ቀይ ቡናማ እንጨት ነው። ከስፕሩስ ይለሰልሳል። ጥፍርህ ካረፈበት ምልክት ይቀራል፤ ስትጫወት ተጠንቀቅ።

የባንድ ሰው (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ ጥያቄህን ወድጄዋለሁ። እኔ በወጣትነቴ የሆቴል ባንድ ውስጥ ጊታር እመታ ነበር። ክር እንደ ልብ አይገኝም። ወፍራሞቹ ክሮች ሲያረጁና ድምፃቸው ሲሞት ድስት ውስጥ ቀቅለን፣ አድርቀን መልሰን እናስራቸዋለን። ለሁለት ሦስት ቀን እንደ አዲስ ይጮኻሉ። ከዚያ ያው ይሞታሉ።

ይህን የማወራህ ለምክንያት ነው። አንድን ጊታር ሕያው ሌላውን ሙት የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ክር ነው። ሠሪው ለገዢ የሚያሳየው ጊታር ላይ አዲስ ክር እንደሚኖር አትጠራጠር። የጓደኛህ ጊታር ክሩ የመቼ ነው? ጠይቀኸዋል? ስድስት ወር የቆየ ክርን ከትናንት ክር ጋር አወዳድረህ ጊታሩ ዝምተኛ ነው ካልክ በድለኸዋል። በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ክር እሰር። ከዚያ አወዳድር።

ሌላው፣ ራስህ እየተጫወትክ ብቻ አትፍረድ። ተጫዋቹ ጆሮው ከጊታሩ በላይ ነው፤ ድምፁ የሚሄደው ወደ ፊት ነው። ሌላ ሰው ይምታልህና ፊት ለፊት ተቀመጥ።

ባለስድስት ክር

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጓደኛዬን አሁኑኑ ደውዬ ጠየቅኩት። ክሩን የቀየረው ለባለፈው ፋሲካ ነው። አፈርኩ። ሦስት እሽግ ክር ገዝቼ እንደገና እሄዳለሁ።

ክራረኛዋ (ፍራንክፈርት)

እኔ ክራር ተጫዋች ነኝ። ከጊታር ሰዎች የሚለየኝን አንድ ነገር ልናገር። እናንተ ረጅም የሚቆይ ድምፅ ጥሩ ድምፅ ነው እያላችሁ ነው። ለምን?

ክራር ላይ ድምፁ ቶሎ ነው የሚጠፋው። ያንን ባዶ ቦታ በጣታችን እንሞላዋለን፤ ኖታዋን ደግመን፣ አስቀድመን ሌላ ነክተን፣ አንቀጥቅጠን። የትዝታ ጌጡ የሚመጣው ከዚያ ነው። በገናን ደግሞ አስቡት። ክሩና ብሪጁ መካከል ቁራጭ ቆዳ ይገባል። እንዚራ ይባላል። ያ ዝዝታ የሚመጣው ከእሱ ነው። ጊታር ላይ ክር እንዲህ ቢንዘዘዝ ወደ ጠጋኝ ትወስዱታላችሁ። በገና ላይ ግን እንዚራው በልኩ ካልተቀመጠ በገናው በገና አይሆንም።

ባለስድስት ክር፣ አንተ ትዝታና ባቲ ነው የምጫወተው ብለሃል። እንግዲያው ጊታሩን በእነሱ ፈትነው። ሠሪው ቤት ሄደህ አንድ ኮርድ ከላይ ወደ ታች ከመታህ ሁሉም ጊታር ያምራል። ትዝታን በዝግታ፣ ከነጌጡ ተጫወት። ጌጦቹ ተለያይተው ይሰማሉ ወይስ አንዱ ባንዱ ላይ ይደራረባሉ? ድምፁ በጣም የሚቆይ ጊታር ላይ የፊተኛዋ ኖታ ሳትጠፋ ቀጣይዋ ትመጣለች፤ ይጨማለቃል። ሴዳሩን "የታፈነ" ያልከው ለአንተ ጨዋታ ጥቅም ሊሆን ይችላል።

አባቴ ያሠራልኝ ክራር ዋጋው ከአንድ ጥሩ ጫማ አይበልጥም ነበር። ሠሪው ከፊቴ ሦስት ጊዜ ቆዳውን ፈቶ ወጥሮታል፤ ድምፁን አልወደድኩትም ስላልኩት። ለእኔ በእጅ የተሠራ ማለት ይሄ ነው። ሠሪው አንቺን ሰምቶ ነው የሚጨርሰው።

ሮዝዉድ ወዳጅ (ሎስ አንጀለስ)

በአክብሮት እለያለሁ። እኔ ሁለቱም አሉኝ፤ በአንድ ሰው እጅ የተሠሩ ናቸው። የሮዝዉዱ ባስ ጥልቀት አለው። ማሆጋኒው የለውም። ዓመታት ተጫውቼባቸዋለሁ፤ ጥናት ሊያሳምነኝ አይችልም። ደግሞ ጥናቱ ላይ የተሳተፉት ሰዎች ጊታሮቹን ለጥቂት ደቂቃ ነው የያዙት። ጊታርን ለማወቅ አንድ ክረምት አብረኸው መክረም አለብህ።

አናጺው (አዲስ አበባ)

ሮዝዉድ ወዳጅ፣ የምትሰማውን አልክድህም። ግን ሁለቱ ጊታሮችህ ፊታቸው አንድ ነው? ውፍረቱስ? ደጋፊዎቹስ? እኔ ራሴ ሁለት ጊታር በአንድ ልክ ልሠራ ሞክሬ አልተሳካልኝም። ልዩነቱ ከጀርባው ይምጣ ከፊቱ እንዴት ለይተህ ታውቃለህ?

መንገደኛ (ዴንቨር)

አንድ ያልተነሳ ነገር አለ፤ ሳልነግርህ ብቀር ቅር ይለኛል። በእጅ የተሠራ ጊታር ስስ ስለሆነ አየር ይፈራል። እኔ የገና ሰሞን ይዤው አዲስ አበባ ገባሁ። በጋ ነው፣ አየሩ ደረቅ ነው። ሁለት ሳምንት ሳልጠነቀቅ ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ከረምኩ። አንድ ማታ ሳሎን ቁጭ ብለን ሳለ "ጣ" የሚል ድምፅ ሰማን። ሄጄ ሳየው ከብሪጁ እስከ ታችኛው ጠርዝ ፊቱ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ውስጥ ጥፍሬ ይገባ ነበር። ያን ሌሊት አልተኛሁም።

እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል። ደጋፊዎቹ ግን በአግድም ስለተጣበቁ አብረውት አይኮማተሩም። ስለዚህ ይቀደዳል። እዚህ አሜሪካ በብርዱ ወራት ማሞቂያ ሲለቀቅም ያው ነው። የአየሩን እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ጠብቅ። ትንሿ መለኪያ ዋጋዋ ጥቂት ዶላር ነው፤ ቦርሳው ውስጥ ትገባለች። ጊታሩን ከኬዙ አውጥተህ አትስቀለው።

ጊታሬን የጠገኑልኝ አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ እጃቸው ይባረክ። ዛሬ ስንጥቁን የምታየው በብርሃን አጋድመህ ከተመለከትክ ብቻ ነው።

እናት ጊታር (ቴል አቪቭ)

መንገደኛ ስለ ጉዞ ካነሳ፣ ሮዝዉድ ይዞ ድንበር መሻገር ችግር የለውም? አንድ ሰው ወረቀት ይጠየቃል ሲል ሰምቼ ፈርቻለሁ።

ሞገድ (ሚኒያፖሊስ)

የሰማሽው ነገር መሠረት አለው፤ አሁን ግን ቀሏል። ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ የሮዝዉድ ዘር በሙሉ በዓለም አቀፉ የዕፅዋትና እንስሳት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገብቶ ነበር። ጊታር ሠሪዎች በጣም ተቸገሩ። በ2019 መጨረሻ ላይ ያለቀለት የሙዚቃ መሣሪያ ከዚህ ነፃ ሆነ። የህንድ ሮዝዉድ ጊታር ይዘሽ መሄድ ትችያለሽ። የብራዚል ሮዝዉድ ግን ከ1992 ጀምሮ በጥብቁ ዝርዝር ውስጥ ነው። እሱ ዛሬም ወረቀት ይፈልጋል።

ባለስድስት ክር

ተመልሼ መጣሁ። ትናንት ጓደኛዬንና ባለቤቴን ይዤ ሠሪው ቤት ሄድኩ። አስቀድሜ ደውዬ አስፈቀድኩ፤ ሽማግሌው ደስ አላቸው። ሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት አዲስ ክር አሰርን፤ ፎስፈር ብሮንዝ፣ ቀጭኑ ክር 0.012 ኢንች። እሳቸው ራሳቸው አንድ በአንድ ቃኙልኝ።

መጀመሪያ ጓደኛዬ ተጫወተ፣ እኔና ባለቤቴ ጀርባችንን ሰጥተን ቆምን። አሥር ዙር አደረግን። ሽማግሌው በወረቀት ላይ ይጽፋሉ። የጓደኛዬን የፋብሪካ ጊታር አሥር ጊዜ ውስጥ አራቴ ከሮዝዉዱ ጋር አምታታሁት። በአዲስ ክር ሌላ ጊታር ሆኗል። ጋሼ፣ ልክ ነበሩ። ሴዳሩን ግን አንድም ጊዜ አልሳትኩትም። ባለቤቴ ሙዚቃ አትጫወትም፤ እሷም ሁልጊዜ ለየችው። "ይሄኛው ሰው ሲያወራ ይመስላል" አለች።

ከዚያ ክራረኛዋ እንዳለችኝ ትዝታን በዝግታ ተጫወትኩ። እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሮዝዉዱ ላይ ድምፁ ያምራል፤ ግን ጌጦቹን ስጨምር ከኋላ ያለው ድምፅ አልወጣ አለኝ። ሁለቴ ቆሜ ክሮቹን በመዳፌ አፈንኩ። ሴዳሩ ላይ እያንዳንዷ ብቻዋን ተሰማች። አንደኛው ክር ላይ ጣቴን ብዙም ሳልጫን ሙሉ ድምፅ ወጣ። የድሮው ጊታሬ ላይ ለዚያች ኖታ ሁልጊዜ እታገል ነበር።

ስለ ዋጋውም ደፍሬ ጠየቅኳቸው። አልተቆጡም። አንዱን ለመጨረስ 140 ሰዓት ያህል ይፈጅብኛል አሉ። ለሴዳሩ ዕቃ 700 ዶላር ገደማ አውጥተዋል። ቀሪውን 3,500 ለ140 ብታካፍሉት ለሰዓት 25 ዶላር ነው። ለአርባ ዓመት ሙያ። የሮዝዉዱ ዕቃ በጥቂት መቶ ዶላር ይበልጣል፤ ሥራው ያው ነው። ታዲያ ለምን 2,300 ጨመሩበት? "ገዢው ሮዝዉድ ሲያይ ርካሽ ብለው ይጠራጠረኛል" አሉኝ። እንዲህ በግልጽ ስለነገሩኝ አከበርኳቸው።

የባንድ ሰው (አዲስ አበባ)

ጎሽ ልጄ። አንድ ነገር ብቻ። ስሙ ያልገነነ ሠሪ የሠራውን ጊታር ነገ ልሽጠው ብትል ግማሹንም ላታገኝ ትችላለህ። የታወቀ ፋብሪካ ጊታር ዋጋውን የተሻለ ይይዛል። ልትሸጠው ከሆነ የጓደኛህን ውሰድ። አብሮህ የሚያረጅ ከሆነ ግን ሚስትህ ያለችውን ስማ።

ሮዝዉድ ወዳጅ (ሎስ አንጀለስ)

ሴዳሩን መምረጥህ ገብቶኛል፤ ለጨዋታህ ይስማማል። ግን ፈተናህ ላይ የፊቱም የጀርባውም እንጨት አንድ ላይ ነው የተለያየው። ስለ ጀርባው ምንም አልተረጋገጠም። የእኔ ጆሮ አሁንም ያንን ባስ ይሰማል።

ባለስድስት ክር

እውነትህን ነው፤ ስለ ጀርባው ምንም ማለት አልችልም። ሠሪውም ከኔ በላይ አልተናገሩም። "ፊቱን እኔ ነኝ የማዘው፤ ጀርባውን ደግሞ ገዢው ያዛል" ነው ያሉኝ።

ሴዳሩን ቀብድ ከፍያለሁ። አራተኛው ክር ሁለተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ትንሽ ይንዘዘዛል። ክራረኛዋ፣ በበገና ቢሆን እንተወው ነበር። ሽማግሌው ጆሯቸውን ወደ ፍሬቱ አስጠግተው ሰሙና የግማሽ ሚሊ ሜትር ሥራ ነው አሉ። የምጫወተውን ሙዚቃ ሰምተው ስለማያውቁ ለማስተካከል ይረዳኛል ብለው ትዝታን በስልካቸው ቀዱ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄጄ አመጣዋለሁ። የእርጥበት መለኪያዋን ዛሬ ገዝቻለሁ፤ ሳሎናችን 31 በመቶ ይላል።

መንገደኛ (ዴንቨር)

31? እንዳታስገባው! መጀመሪያ የምትቀመጥበትን ክፍል አስተካክል። ኬዙ ውስጥ ከመለኪያዋ ጋር የሚገባ እርጥበት ሰጪ ግዛ፣ ቅዳሜ ስትሄድም ይዘኸው ሂድ። መኪናውን አስቀድመህ አሙቀው፤ ጊታሩን ከኋላ ኮፈን ውስጥ እንዳትጭነው።

ክራረኛዋ (ፍራንክፈርት)

ስታመጣው ባቲን ቀድተህ ላክልን። አዲሱ ክር ሳይለሰልስ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከወር በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ። ሁለቱን እሰማቸዋለሁ።